ፍሬው ሳይፈጭ ከብት አይብላው
(በመልካ ጀብዱ በተከበረው የዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)






ዛሬ የማነሣው ጉዳይ እንስሳት በደን ጤና ላይ ያላቸውን ድርሻ የሚመለከት ነው። በሰሜን አሜሪካ ዋላዎች የሚወዱትን ቡቃያ እየመረጡ ስለሚበሉ ደኑ በማይበሉት ተክል እንደሚወረር ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። በእኛ አካባቢ ይህንኑ ሥራ የሚሠሩት ፍየሎቻችን፣ ከብቶቻችንና ግመሎቻችን ናቸው።

ብዙዎቻችን የወያኔ ዛፍ የምንለው ፕሮሶፒስ ወደ ድሬዳዋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በጎሮ ችግኝ ጣቢያ በኩል ነው። አፈር እንዲይዝ፣ ጥላና ማገዶ እንዲሰጥ ታስቦ ነበር። ጥላውንም ማገዶውንም አልነፈገንም፤ ነገር ግን የግጦሽ መሬታችንን ወረረብን። ፍየል የግራሩን ቡቃያ ስትቀነጥብ የፕሮሶፒስን ቅጠል ብዙም አትነካም፤ የምትወደው ጣፋጩን ፍሬ ነው።

አቶ ኃይሉ ሽፈራው ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪ ማሟያ በመካከለኛው አዋሽ ያካሄዱት ጥናት ይህን በቁጥር ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ውጤት መሠረት በአንድ ኪሎ ግራም የላም እበት 2,833፣ በአንድ ኪሎ ግራም የፍየል በጠጥ ደግሞ 760 የፕሮሶፒስ ዘር ተገኝቷል። ዘሩ ከሆድ በሕይወት ይወጣል፤ እበቱም ማዳበሪያ ይሆነዋል። እንግዲህ ጠዋት መንጋችንን ስናሰማራ ዘሪ አሰማራን ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ፍየሉን መክሰስ አይጠቅመንም። ፍሬው ዘሩ ጭምር እስኪደቅ ከተፈጨ አይበቅልም፤ ከሌላ መኖ ጋር ተቀላቅሎ ሲሰጥም ጥሩ ቀለብ ነው። በአፋር ክልል በገዋኔና በአሚባራ የተደራጁ ማኅበራት ፍሬውን ሰብስቦ የማስፈጨትን ሥራ ሞክረውታል።

በመሆኑም ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ ፍሬው በሚረግፍበት ወቅት አባላት ሰብስበው ለዩኒየኑ ያስረክቡ። ሁለተኛ፣ ዩኒየኑ ከትርፉ ላይ ለመኖ ወፍጮ በጀት ይያዝ፤ አስተዳደሩም በቦታና በመብራት ይደግፈን። ሦስተኛ፣ በየማሳው ዳር የበቀለውን ችግኝ ገና ለጋ ሳለ ከነሥሩ እንንቀል፤ ከላይ ብቻ የተቆረጠ መልሶ ያቆጠቁጣልና።

ለልጆቻችን የምናወርሰው መሬት ከብት የሚሰማራበት እንዲሆን ሥራውን በመጪው የፍሬ ወቅት እንጀምር።