የተጠረገ ሰሌዳ፦ ስለ ትዝታ መጥፋትና ስለ ሰው መታደስ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የመሐንዲሶች ጉባኤ ስለ ድልድይና ስለ ግድብ፥ ስለ መንገድና ስለ ኃይል ማመንጫ ሲወያይ መስማት የተለመደ ነው። ለወጣቶች ስለ ተጻፈ ልብ ወለድ መነጋገር ግን ከሙያው የራቀ ሊመስል ይችላል። ሆኖም የዛሬው ንግግር በሚመረምረው መጽሐፍ መካከል አንድ መሣሪያ ይገኛል። መሣሪያ ባለበት ደግሞ ያቀደውና የሠራው፥ በትክክል መሥራቱንም ፈትኖ ያረጋገጠ ባለሙያ ይኖራል። ደራሲዋ የዚህን ባለሙያ ስም አትጠራም፤ ጥያቄው ግን ከመጽሐፉ ወጥቶ ወደዚህ አዳራሽ መግባቱ አይቀርም።

መጽሐፉ «ስሌትድ» ይባላል። የቴሪ ቴሪ የመጀመሪያ ልብ ወለድ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ታተመ። በ2013 እና በ2014 «ፍራክቸርድ» እና «ሻተርድ» የተባሉት ተከታዮቹ ወጥተው ባለ ሦስት ክፍል ሥራ ሆኗል። ርእሱ በአማርኛ «ስሌት» ከሚባለው የሒሳብ ቃል ጋር ዝምድና የለውም፤ የተገኘው የቀድሞ ተማሪዎች ይጽፉበት ከነበረው ጥቁር የድንጋይ ሰሌዳ ስም ነው። «ስሌትድ» ማለት እንደ ሰሌዳ የተጠረገ፥ የነበረበት ሁሉ ጠፍቶ አዲስ ጽሕፈት የሚጠብቅ ሰው ማለት ነው። ደራሲዋ ወደ ድርሰት ከመዞሯ በፊት በሳይንስና በሕግ ትምህርት ውስጥ ማለፏ በመጽሐፉ ላይ ይታያል። ታሪኩ የቆመው እነዚህ ሁለቱ በሚገናኙበት ስፍራ ላይ ነውና።

የታሪኩ ዘመን 2054፥ ስፍራው ብሪታንያ ነው። አገሪቱን የሚገዛው መንግሥት ከብጥብጥ ዘመን በኋላ ሥርዐት አስከብራለሁ በማለት የተነሣ ሲሆን፥ «ሎርደርስ» የሚባሉ አስፈሪ የጸጥታ ሰዎች አሉት። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ሰው በወንጀል ሲፈረድበት አይገደልም፤ ለረጅም ዘመንም አይታሰርም። በሆስፒታል ውስጥ ያለፈ ሕይወቱ በሙሉ ከአእምሮው ይፋቃል። ከዚያም መራመድንና መናገርን እንደ ሕፃን እንደገና ይማርና አዲስ ስም ወጥቶለት ለአዲስ ቤተሰብ ይሰጣል። መንግሥቱ ይህን አሠራር ቅጣት ብሎ አይጠራውም፤ ሁለተኛ ዕድል ይለዋል።

ካይላ የተባለችው የ16 ዓመት ልጅ ከሆስፒታል ወጥታ ከማታውቃቸው እናትና አባት፥ እንደ እርሷ ከተጠረገች እኅትም ጋር መኖር ስትጀምር ታሪኩ ይጀምራል። ከመጠረጓ በፊት ምን እንደ ሠራች አታውቅም፤ ከባድ ወንጀል መሆን እንዳለበት ብቻ ትገምታለች። ነገር ግን መጥፋት የነበረበት ሁሉ አልጠፋም። በሌሊት ቅዠት ይመጣባታል። ሥዕል ስትሥል ያልለመደችው እጅዋ ከለመደችው ይልቅ ይታዘዝላታል። በትምህርት ቤት ደግሞ ያለ አግባብ የተናገሩ ሰዎች አንድ በአንድ ሲወሰዱና ስማቸውን የሚያነሣ ሲጠፋ ታያለች። እንግዲህ ልጅቱ ሁለት ጥያቄዎች ይጋረጡባታል፤ «ማን ነበርሁ?» የሚለው አንዱ ሲሆን፥ «ይህን ማወቅ ይጠቅመኛልን?» የሚለው ሁለተኛው ነው። የታሪኩ መፈጸሚያ ለአንባቢው ይቆየው።

አሁን ወደ መሣሪያው እንመለስ። የተጠረገ ሰው ሁሉ በእጅ አንጓው ላይ «ሌቮ» የሚባል፥ ሊፈታ የማይችል መለኪያ ይታሰርበታል። ሌቮ የሰውየውን ስሜት ከ1 እስከ 10 ባለው ልክ እየለካ ቁጥሩን ያሳያል። ሐዘን ወይም ቁጣ በርትቶ ቁጥሩ ሲወርድ መሣሪያው እየነዘረ ያስጠነቅቃል። ከተወሰነው ልክ በታች ሲሆን ባለቤቱ ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ይበልጥ ከወረደም ሊሞት ይችላል። ዓላማው ማንም የተጠረገ ሰው ተቆጥቶ በሌላው ላይ ጉዳት እንዳያደርስ ነው ይባላል።

በመሐንዲስ ዐይን ሲታይ ይህ የግብረ መልስ መቆጣጠሪያ ነው። የምጣድ ሙቀት ከልክ ሲያልፍ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው መሣሪያም በዚሁ መርሕ ይሠራል፤ ይለካል፥ ከተወሰነው ልክ ጋር ያነጻጽራል፥ ልዩነቱን ለማጥበብ እርምጃ ይወስዳል። ደህና የታቀደ መቆጣጠሪያ መዛባትን ይቀንሳል። ሌቮ ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ልጅቱ ስትፈራ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ቁጥሩ ሲወርድ መሣሪያው ይነዝራል፤ መንዘሩን ስትሰማ ፍርሃቷ ይጨምራል፤ ፍርሃቷ ሲጨምር ቁጥሩ ከፊተኛው ይልቅ ይወርዳል። መዛባትን የሚያባዛ ዑደት ሥርዐትን እንደማያረጋጋ ማንም የመቆጣጠሪያ ትምህርት የተማረ ያውቃል። ታዲያ ሌቮ የተበላሸ መሣሪያ ነውን? አይደለም። ዓላማው የሚለብሰውን ሰው ማረጋጋት ቢሆን ኖሮ የተበላሸ ነው በተባለ ነበር፤ ዓላማው ያዘዘውን መንግሥት ማረጋጋት በመሆኑ ግን በሚገባ ይሠራል። የአንድ መሣሪያ ጥራት የሚለካው ለማን ደኅንነት እንደ ተሠራ በማወቅ ነው የሚለው ትምህርት ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አይገኝለትም።

ትዝታን መፋቅ በእርግጥ ይቻላልን? ለዚህ ጥያቄ ሳይንስ ካቀረባቸው ማስረጃዎች ዋነኛው የአሜሪካዊው የሄንሪ ሞላይሰን ታሪክ ነው። ሞላይሰን በብርቱ የሚጥል በሽታ ይሠቃይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ዓ.ም.፥ የ27 ዓመት ወጣት ሳለ፥ ዊልያም ስኮቪል የተባለ ሐኪም በሁለቱም የአንጎሉ ወገኖች ከውስጠኛው ክፍል፥ ሂፖካምፐስ የሚባለውን አካል አብዛኛውን ጨምሮ፥ ቆርጦ አወጣ። የሚጥለው በሽታ ቀነሰ፤ አዲስ ነገር የማስታወስ ችሎታውም አብሮ ሄደ። ያነጋገረውን ሰው ጥቂት ቆይቶ ቢያገኘው እንደ እንግዳ ይተዋወቀው ነበር። እስኪሞት ድረስ፥ እስከ 2008 ዓ.ም. ማለት ነው፥ በዚህ ሁኔታ ኖረ።

ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው የሥነ ልቡና ሊቅ ግን በዚህ ሰው ላይ አስደናቂ ነገር አገኘች። በመስተዋት ውስጥ ብቻ እያየ የኮከብ ሥዕል ዳር ዳሩን በእርሳስ እንዲከተል አደረገችው። ይህ ለማንም ሰው መጀመሪያ ላይ አስቸጋሪ ነው። ሞላይሰን በየቀኑ ሲለማመድ እጁ እየተሻለው ሄደ፤ እርሱ ግን ሥራውን ከዚያ በፊት መሥራቱን ፈጽሞ አያስታውስም ነበር። ከዚህ የተገኘው እውቀት ትዝታ አንድ መዝገብ እንዳልሆነ ነው። የሆነውን ነገር የሚይዘው ክፍል ሌላ፥ እጅና እግር የለመዱትን የሚይዘው ክፍል ሌላ ነው። ስለዚህ የካይላ እጅ አእምሮዋ የማያውቀውን ማወቁ የደራሲዋ ቅዠት ብቻ አይደለም። በሌላ በኩል፥ የሞላይሰን የልጅነት ትዝታ በብዙው አልጠፋም ነበር፤ መጽሐፉ እንደሚለው ያለፈውን ሕይወት ሁሉ ለይቶ የሚፍቅ ቀዶ ሕክምና እስከ ዛሬ የለም። መጽሐፉ በዚህ ረገድ ከሳይንስ ርቆ ይሄዳል፤ ልብ ወለድ እንደ መሆኑም አይነቀፍበትም።

የመጽሐፉ ዋነኛ ቁም ነገር ግን ከሕክምናው ይልቅ በሥነ ምግባሩ ላይ ነው። ያላስታወሱትን ጥፋት መጸጸት ይቻላልን? ሰው ከጥፋቱ ተመለሰ የሚባለው ምን እንዳደረገ ሲያውቅ፥ ማድረጉን ሲያምን፥ የበደለውንም ለመካስ ሲነሣ ነው። የመንግሥቱ አሠራር ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱንም አይፈቅድም። ካይላ በደለኛ ከሆነች፥ በደሏን ስለማታውቅ ልትክስ አትችልም። ንጹሕ ከሆነችም፥ ራሷን የምትከላከልበት ትዝታ ስለሌላት ተከሳሽነቷን ለዘላለም ተሸክማ ትኖራለች። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይባላል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ግን የወጋው ኃይል የተወጋችውን ራሷን እንድትረሳ አድርጎ፥ እርሱ ብቻ መዝገቡን ይዞ ተቀምጧል።

የሠለጠነ ሕግ የተከተለው መንገድ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣችው የጥፋተኞች መታደስ ሕግ መሠረት፥ ቅጣቱን ፈጽሞ የተወሰነ ጊዜ በደህና የኖረ ሰው የብዙ ዐይነት ወንጀሎች ፍርድ እንዳልነበረ ይቆጠርለታል። የኢትዮጵያም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ «መሰየም» በሚለው ሥርዐት፥ የተቀጣ ሰው መልካም ጠባይ አሳይቶ ሲገኝ ፍርዱ ከመዝገብ እንዲሰረዝ ይፈቅዳል። በሁለቱም ዘንድ የሚረሳው ማኅበረሰቡ ነው፤ የሚያስታውሰው ሰውየው ራሱ ነው። በካይላ አገር ነገሩ ተገልብጧል፤ ሰውየው እንዲረሳ ይደረጋል፥ መንግሥት ግን አይረሳም። የመጀመሪያው ምሕረት ይባላል። ሁለተኛው ንጥቂያ ነው።

ይህ ነገር ለምሕንድስና ሙያ እንግዳ አይደለም። በካናዳ የኩቤክ ድልድይ ሲሠራ የመካከለኛው ርቀት ከ488 ወደ 549 ሜትር ገደማ ከፍ ተደረገ፤ የብረቱ ክብደት ግን በጊዜው እንደገና አልተሰላም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 29 ቀን 1907 ዓ.ም. ድልድዩ ወድቆ 75 ሠራተኞች አለቁ። በ1916 መካከለኛው ክፍል ወደ ላይ ሲሳብ ወድቆ ሌሎች 13 ሰዎች ሞቱ፤ ሥራው የተጠናቀቀው በ1917 ነበር። የካናዳ መሐንዲሶች ከ1925 ጀምሮ ሙያቸውን ሲረከቡ ቃል እየገቡ በሚሠሩበት እጅ ትንሽ ጣት ላይ ቀለበት ማሰር ለመዱ። ቀለበቱ ከወደቀው ድልድይ ብረት የተሠራ ነው የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። ወሬው ሳይጠፋ መኖሩ ግን የሙያው ሰዎች ያን ውድቀት ከእጃቸው ሊለዩት እንዳልፈለጉ ያሳያል። የቀለበቱንና የሌቮን ልዩነት ልብ ይሏል። ሁለቱም በእጅ ላይ ይታሰራሉ፤ አንዱ ለማስታወስ፥ ሌላው ለማስረሳት።

ሁለተኛው ምሳሌ የኒውዮርኩ የሲቲኮርፕ ሕንጻ ነው። ባለ 59 ፎቅ የሆነው ይህ ሕንጻ በ1977 ሲጠናቀቅ፥ የቆመው በማዕዘኖቹ ላይ ሳይሆን በየጎኑ መካከል በተተከሉ ረጃጅም ዐምዶች ላይ ነበር። የመዋቅሩ መሐንዲስ ዊልያም ለሜሹሪየር በ1978 እንዳገኘው፥ በማዕዘኑ በኩል የሚመጣ ነፋስ ከታሰበው በላይ ጫና ያደርስ ነበር፤ መገጣጠሚያዎቹም በብየዳ ፈንታ በብሎን ታስረው ነበር። ለሜሹሪየር ዝም ማለት ይችል ነበር፤ ነገር ግን ለሕንጻው ባለቤቶች ገለጸ። በየሌሊቱ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ብረት እየተበየደ ሕንጻው ጸና። ይህ ሰው ከጥፋቱ የዳነው ጥፋቱን በማስታወሱና በመናገሩ ነው። ሆኖም ታሪኩ ጥላ አለበት፤ በአካባቢው የሚኖረው ሕዝብ አደጋውን ያወቀው ከ17 ዓመት በኋላ፥ በ1995 ነው። መሐንዲሱ አስታውሶ ካሰ፤ ሕዝቡ ግን ሊያስታውሰው የሚገባው ነገር ተደበቀበት። ስለዚህ የአንድ ሰው መታደስ ብቻውን ፍጹም አይሆንም፤ መዝገቡ ለተጎጂውም ሊከፈት ይገባል።

ስለ ድርሰቱ አጻጻፍ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ካይላ ታሪኳን ራሷ፥ ነገሩ እየሆነ እንዳለ አድርጋ ትተርካለች። ይህ አተራረክ ለርእሱ ተስማሚ ነው፤ ያለፈ ዘመን የሌላት ልጅ ከአሁን በቀር የምትናገረው የላትምና። አንባቢውም ከእርሷ የበለጠ አያውቅም፤ አብሯት ይጠረጥራል፥ አብሯት ይሳሳታል። አሳዳጊ እናትና አባቷ መጀመሪያ እንደ ታዩት ሆነው አለመቅረታቸው ደራሲዋ ሰውን በአንድ ቀለም እንደማትሥል ያስመሰክራል። ጉድለትም አለ። የሦስት መጻሕፍት መጀመሪያ በመሆኑ ብዙ ጥያቄ ሳይፈታ ይዘጋል። የመንግሥቱ ሹማምንትም ከፍርሃት ምንጭነታቸው በቀር እንደ ሰው ብዙም አይታዩም፤ ልጅቱን የጠረገው ሐኪም ወይም ሌቮን የሠራው ባለሙያ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ምን እንደሚያስብ አንባቢው ሊያውቅ ይወድ ነበር።

ምናልባት ያ የጎደለ ገጽ የባለሙያዎች ድርሻ ይሆናል። ሌቮ ዛሬ የለም፤ ነገር ግን የልብ ምትንና እንቅልፍን በእጅ አንጓ ላይ የሚለኩ ሰዓቶች በየገበያው ይሸጣሉ፥ በፍርድ ቤት ትእዛዝ በእግር ላይ የሚታሰሩ መከታተያዎችም በብዙ አገሮች ሥራ ላይ ናቸው። እነዚህ ሁሉ በራሳቸው ክፉ አይደሉም፤ ብዙዎቹ ሕይወት ያድናሉ። ወደ ሌቮ የሚያሻግራቸው የሽቦና የባትሪ ጉዳይ ሳይሆን፥ የሚለካው ቁጥር ለማን እንደሚነገርና ቁጥሩ ሲወርድ ማን ምን እንዲያደርግ እንደ ታዘዘ ነው። ይህ ደግሞ በዕቅድ ወረቀት ላይ፥ ከፊርማ በፊት የሚወሰን ነገር ነው።

መጽሐፉ የተጻፈው ለወጣቶች ነው፤ በየቤቱ ያሉ ልጆች ቢያነቡት ይጠቀማሉ። ወላጆቻቸው ግን ከእነርሱ በፊት ቢያነቡት ይመረጣል፤ ልጁ አንብቦ ሲጨርስ «ያንን መሣሪያ ማን ሠራው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርምና።