ከረሜላ መስሎ ስለሚሠራ ዶቃ
(በራዲዮ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ነገር ለአንዳንዶቻችሁ የልጆች ጨዋታ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። ይኸውም መልኩ ከረሜላ የሆነ፤ ነገር ግን የማይበላ፤ ባንገትና በእጅ የሚታሰር ዶቃ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ነው። ሥራውን ያየሁት በኮልፌ ቀራንዮ፤ ከአጠና ተራ ብዙ ሳይርቁ ከሚኖሩ አንዲት ወይዘሮ ጎረቤቴ ዘንድ ነው። እኒህ ወይዘሮ ሦስት ልጆች የሚያሳድጉት በእጃቸው ሥራ ነውና፤ እኔ በጨዋታ ዓይን ያየሁትን እርሳቸው በእንጀራ ዓይን ያዩታል።

አንዱን ነገር በሌላው አምሳል መሥራት አዲስ ጥበብ አይደለም። በቦሔምያ ያብሎኔጽ በምትባለው ከተማ የነበሩ ሠራተኞች ብርጭቆ እያቀለጡ፤ በብረት ቅርጽ እየጨመቁ፤ የከበረ ድንጋይ የሚመስል ዶቃ ወደ አፍሪካ ይልኩ ነበር። ሊዮ ቤክላንድ የተባለው የቤልጅግ ተወላጅ በ1907 እ.ኤ.አ. ባክላይት የሚባለውን ሠራሽ ሙጫ ካወጣ ወዲህም፤ ዓምበር የሚመስል ዶቃ በአፍሪካ ገበያ በዛ። ሁለቱን ለመለየት የሚፈልግ ሰው ጨው እስኪጠግብ ድረስ በሟሟበት ውኃ ውስጥ ይጨምራቸው፤ እውነተኛው ዓምበር ይንሳፈፋል፤ የባክላይቱ ይሰጥማል። ያገራችን አንጥረኞችም መስቀል ሲሠሩ አስቀድመው በሰም ይቀርፁና በጭቃ ይለብጡታል፤ ሰሙን በእሳት አፍስሰው በባዶው ስፍራ የቀለጠውን ማዕድን ይሞሉበታል። እንግዲህ ቅርጽ ማውጣት ለእኛ እንግዳ ሥራ አይደለም።

የመጀመሪያውን የጀሶ ቅርጽ ላወጣ የሞከርሁት እኔ ነበርሁ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረሰ ሰው ይህ አያቅተውም ብዬ። በእርጥቡ ጀሶ ላይ ከረሜላውን ራቁቱን ብጫነው ስኳሩ ሟሙቶ ሁሉም ተበላሸ። ጎረቤቴ ሳቁና ሌላ ከረሜላ አንሥተው፤ መልክ የሌለው የጥፍር ቀለም ሁለት ጊዜ ቀብተው፤ ሲደርቅ ቫዝሊን አስነኩት። ከዚያ ሁለት እጅ ጀሶ ባንድ እጅ ውኃ ላይ በተኑ፤ ውኃው በጀሶው ላይ አይፈስም፤ ይጓጉላልና። ከረሜላውም እስከ ወገቡ ብቻ ይቀበራል። ከወገቡ ካለፈ ጀሶው ሲጠነክር ይዞ ያስቀረዋል። ስለዚህ ድቡልቡል ዶቃ የፈለገ ሰው ሁለት ግማሽ አውጥቶ በኮላ ያጣብቃል። ቅርጹ ጥቂት ቀን ደርቆ ነው የሚሠራበት።

ሊጡ ደግሞ እንዲህ ነው። አንድ ስኒ የበቆሎ ስታርች (ተራው የበቆሎ ዱቄት አይሆንም)፤ አንድ ስኒ ነጭ የእንጨት ኮላ፤ አንድ ማንኪያ ዘይት፤ እንዳይሻግትም አንድ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ተደባልቆ፤ ከድስቱ እስኪላቀቅ ድረስ በለዘበ እሳት ላይ ይማሰላል። ድስቱ ከዚያ በኋላ ለወጥ አይመለስም። ሊጡ በኬክ ቀለም ይታሽና፤ ስታርች በተነሰነሰበት ቅርጽ ውስጥ ተጭኖ ይወጣል። ሳይደርቅም በስንደዶ ይበሳል። ሲደርቅ ስለሚኮማተር ቀዳዳው ሰፋ ማለት አለበት፤ ቀለሙም ስለሚጠቁር ፈዘዝ ቢል ይሻላል። በሰፌድ ላይ፤ በጥላ፤ በበጋ ሦስት ቀን ይበቃዋል፤ በኮልፌ ክረምት ግን ሳምንትም አይበቃው ይሆናል። ፀሐይ ላይ ቢያሰጡት ይሰነጠቃል። በመጨረሻም ቬርኒሽ ሲቀባ ተልሶ የተቀመጠ ከረሜላ ይመስላል። ውኃ ግን አይወድም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንድ ነጋዴ ዶቃውን አይቶ ወደደና፤ እያንዳንዱን በከረሜላ ወረቀት ጠቅልለው፤ የቫኒላ ሽታም ጨምረው ቢያመጡለት የሠሩትን ሁሉ እንደሚገዛ ነገራቸው። እኔም፤ ልደብቃችሁ አልችልም፤ ይቀበሉ ብዬ መክሬ ነበር። የቤት ኪራያቸው መድረሱን አውቅ ነበርና። እርሳቸው ግን፤

«ወንድሜ፤ እርስዎ ኪራዬን አዩልኝ። ትንሹ ልጄ ግን ትናንት ከሰፌዱ አንሥቶ ወደ አፉ ሲከት ከከንፈሩ ነው የነጠቅሁት። ያለ ወረቀቱ እንዲህ ካደረገ፤ ተጠቅልሎ ሲያገኘውማ እንዴት ሊሆን ነው?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። የመጫወቻ መርማሪዎች ስፋቱ 31.7 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ውስጥ የሚገባን ነገር ሁሉ ከ3 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አደገኛ አድርገው ይቆጥሩታል፤ የእኛ ዶቃ የዚህን ግማሽ አያክልም። አንቆት መተንፈስም መሳልም ላቃተው፤ አንድ ዓመት ላለፈው ልጅ፤ ጎንበስ አድርጎ በትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ መምታት፤ ካልወጣም ከኋላ አቅፎ ከእምብርቱ በላይ አምስት ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ መጫን፤ እስኪወጣም ሁለቱን እያፈራረቁ ርዳታ መጥራት ነው። የማይታየውን ነገር በጣት መፈለግ ይብሱን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ነጋዴው ሌላ ሠራተኛ ፈለገ። የዚያ ወር ኪራይ በግማሽ ተከፈለ፤ ለቀረው አከራዩ እስከ ጥምቀት ታገሡ። ለጥምቀት የሠፈሩ ልጃገረዶች ዶቃውን ገዙት። ጎረቤቴ አሁን በጠንካራ የናይለን ክር፤ በያንዳንዱ ዶቃ መካከል ቋጠሮ እያሰሩ ይሰኩታል፤ ክሩ ቢበጠስ አንድ ዶቃ እንጂ ሁሉም እንዳይፈስ። ሰፌዱንም ከቁም ሣጥኑ ላይ ሰቅለውታል።