ስለ ምርጫ ሰልፍ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



በተፈቀደልኝ ጥቂት ደቂቃ ስለ ሰልፍ እናገራለሁ። የምርጫን ሰልፍ ማለቴ ነው እንጂ የጠዋቱን የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ አይደለምና ታናናሾቻችን አትሥጉ።

በአጋሮና በሊሙ ገነት በኩል ቡና ሲቀላ ገበሬው እሸቱን ለቅሞ ማታ ወደ መረከቢያው ያመጣል። ሚዛኑ አንድ ከሆነ ሰልፉ እስከ መንገድ ይደርሳል፤ ሁለተኛ ሚዛን ሲጨመር ግን ሰዉ ሳይቀነስ ሰልፉ ያጥራል። እሸት ካደረ ስለሚበላሽ የሚዛን ማነስ ምን እንደሚያስከፍል ወላጆቻችን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። የምርጫም ነገር እንዲሁ ነው። ረጅም ሰልፍ ባየን ቁጥር «ሕዝቡ እንዴት ነቅቷል!» እንላለን። መንቃቱስ እውነት ነው፤ ነገር ግን የጠረጴዛውና የወረቀቱ ማነስም ሰልፍ ያስረዝማል።

ሒሳቡን እንሥራው። በ2013 ዓ.ም. አንድ የምርጫ ጣቢያ እስከ 1,500 መራጭ ይመዘግብ ነበር። ድምፅ የሚሰጠው ከጠዋቱ 12 እስከ ማታው 12 ሰዓት፥ ይኸውም 720 ደቂቃ ነው። የተመዘገበው ሁሉ ቢመጣ በየደቂቃው ሁለት ሰው ማስተናገድ ያስፈልጋል። ስም ከመዝገብ መፈለግ፥ ማስፈረም፥ ጣት ቀለም መቀባት፥ ለተወካዮች ምክር ቤትና ለክልሉ ምክር ቤት ሁለት ወረቀት መስጠት፥ ይህ ሁሉ እንዴት ይደርሳል?

አልደረሰምም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ሰልፉ ስላላለቀ የምርጫ ቦርድ ሰዓቱን እስከ ምሽቱ 3 አራዘመ። በሲዳማ ክልልም የድምፅ መስጫ ወረቀት በማነሱ ምርጫው ለማግሥቱ አደረ። ድህነት ብቻ ነው እንዳንል፥ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በአሜሪካ ጆርጂያ ከ10 ሰዓት ለሚበልጥ ጊዜ የቆሙ መራጮች ነበሩ።

ሰዓት ማራዘሙ መልካም ነው። ዳሩ ግን እስከ ምሽት ለመቆም የሚችለው ማን ነው? የጅማን የሰኔ ዝናብ ታውቁታላችሁ። የዕለት ሠራተኛው እንጀራውን ጥሎ፥ እናት ልጇን አዝላ፥ ከጌራ መንደር በእግራቸው የመጡ ሽማግሌ በከዘራ ተደግፈው ስንት ሰዓት ይቆማሉ? ተስፋ ቆርጦ የተመለሰ ሰው ደግሞ በቆጠራው ላይ መምረጥ ካልፈለገ ሰው አይለይም። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው።

400 መራጭ ላለው ጣቢያና 1,500 ላለው ጣቢያ እኩል ጠረጴዛ መስጠት እኩልነት አይመስለኝም። እኛም 18 ዓመት ሲሞላን በዚሁ ሰልፍ እንቆማለን። እስከዚያው በየጣቢያው በ3፥ በ6ና በ11 ሰዓት ስንት ሰው ተሰልፎ እንደቆመ ቢጻፍ፥ ለሚቀጥለው ምርጫ ጠረጴዛው የት እንደሚጨመር ይታወቃል። ለዚህ አንድ እርሳስና አንድ የእጅ ሰዓት ይበቃል።