ሥራዋን የጨረሰች ወረቀት



በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲባል ሰምተን አድገናል። ተረቱ የተነገረው ለበጎ ነው፤ ታሪካችሁን ጻፉ፣ ውላችሁን ጻፉ፣ ለልጅ የሚተርፍ ነገር አስቀምጡ ለማለት። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለሌላ ዓይነት ጽሑፍ ነው። በአሜሪካ ጦር ውስጥ የሚያገለግል ሰው ከዓመታት በፊት የተቀጣበት ጥፋትና ቅጣቱ የሰፈሩበት ወረቀት ከግል ማህደሩ እንዲነሳለት ስለሚያቀርበው አቤቱታ።

ጉዳዩ የእኛም ነው። ማቭኒ የተባለው ፕሮግራም ቋንቋ አዋቂ ስደተኞችን ለጦሩ ሲመለምል አማርኛ ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በግሪን ካርድ የገቡ፣ እዚሁ አሜሪካ የተወለዱ ልጆቻችን የደንብ ልብሱን ለብሰዋል። ሲመረቁ ፎቶአቸውን ሳሎን እንሰቅላለን። ሲቀጡ ግን ብዙዎቹ ለእናታቸው እንኳን አይናገሩም፤ ምክር የሚያስፈልጋቸውም ያኔ ነው።

የብዙዎቹ ጉዳይ የሚጀምረው ከአንቀጽ 15 ነው፤ ልጆቹ «አርቲክል ፊፍቲን» ከሚሉት። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በ1950 የፈረሙት ወታደራዊ የፍትሕ ሕግ አንድ አዛዥ ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ሳይወስድ ቀለል ያለ ጥፋትን ራሱ እንዲቀጣ ሥልጣን ይሰጠዋል። ከሥራ መቅረት፣ ትእዛዝ አለማክበር፣ በኃላፊነት የተረከቡትን ዕቃ በቸልተኝነት ማጥፋት የመሳሰለውን ማለት ነው። የሚቀጣው ሻምበል ከሆነ እስከ 14 ቀን ተጨማሪ ሥራና የ7 ቀን ደመወዝ ቅጣት ሊጥል ይችላል። ሻለቃ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ተጨማሪ ሥራው እስከ 45 ቀን ይደርሳል፣ ለ2 ወር የደመወዝ ግማሽ ሊቆረጥ ይችላል፣ ማዕረግም ይወርዳል። ያም ሆኖ የወንጀል ፍርድ አይደለም። በአንቀጽ 15 የተቀጣ ሰው ወንጀለኛ ተብሎ አልተፈረደበትም፤ ይህን ለራሳቸው መንገር ያቃታቸው ልጆች ስላሉ አስረግጬ እላለሁ።

ቅጣቱ የሚጻፍበት ቅጽ ዲኤ ፎርም 2627 ይባላል። እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። ከላይ የወታደሩ ስምና ማዕረግ አለ። ቀጥሎ ፈጸመ የተባለው ጥፋት ቀኑና ቦታው ተጠቅሶ ይሰፍራል። ከዚያ የወታደሩ ምርጫ ይመጣል፦ በወታደራዊ ፍርድ ቤት ልዳኝ ይላል ወይስ አዛዡ እንዲወስን ይተዋል? አዛዡ ይወስን ካለም ጥያቄው አያበቃም። ጉዳዩ ሰው ባለበት ይታይ ወይስ በዝግ? አብሮት ቀርቦ የሚናገርለት ሰው ይፈልጋል? ማስረጃና መከላከያ ያቀርባል? ይህን ሁሉ አስቦ እንዲመልስ እንደ ልማዱ 48 ሰዓት ያህል ይሰጠዋል፤ በዚያ ጊዜ የጦሩን ተከላካይ ጠበቃ በነፃ ማማከር ይችላል።

እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ያለው ነገር ነው። እኛ ያደግነው ታላቅ ሲቆጣ አንገት ደፍተን ነው። አለቃን መሞገት ድፍረት ነው፣ «ምስክር አለኝ» ማለት ደግሞ ንቀት ይመስለናል። ስለዚህ ልጁ አዛዡ ፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ የተሰጠውን ብዕር ተቀብሎ፣ ባሉት ቦታ ሁሉ ይፈርማል። መከላከያ አላቀርብም፤ ምስክር የለኝም፤ ይግባኝ አልጠይቅም። በልቡ አክብሮት ማሳየቱ ነው። ከ7 ዓመት በኋላ ቅጹን የሚያነበው ሰው ግን የሚያየው አክብሮት አይደለም። የሚያየው ሁሉም ዕድል ተሰጥቶት አንድ ቃል ያልተነፈሰ ሰው ነው። ጠበቃ አናግሮ አዛዡ ይወስን ያለ ሰው ተሳስቷል ማለቴ አይደለም፤ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ሄዶ ጥፋተኛ መባል የባሰ መዘዝ አለውና አንዳንዴ የሚሻለው ያ ነው። ማለት የምፈልገው፣ ዝምታውም አብሮ ማህደር ይገባል።

ወረቀቱ የሚያርፍበት ቦታ እንደ ማዕረጉ ይለያያል። ለረጅም ዘመን በጦሩ ሲሠራበት የኖረው ደንብ እንዲህ ነው፦ የተቀጣው ከሳጅን በታች ከሆነ ቅጹ በክፍሉ ይቀመጣል፣ 2 ዓመት ሲሞላው ይወገዳል። ሳጅንና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ወደ ቋሚው የግል ማህደር ይሄዳል። ማህደሩም ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ዕድገት የሚሰጡ ቦርዶች ገልጠው የሚያዩት የሥራ አፈጻጸም ክፍል ነው። ሁለተኛው በተለመደው አሠራር እንደ ልብ የማይታየው የተከለለ ክፍል ነው። የትኛው ውስጥ እንደሚገባ የሚወስነው የቀጣው አዛዥ ነው፤ ያውም እዚያው ቅጽ ላይ ባለች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ምልክት በማድረግ። 45 ቀን ተጨማሪ ሥራ ያልፋል፤ የተቆረጠው ደመወዝም ይረሳል። የሰውየውን የቀረ የአገልግሎት ዘመን የምትወስነው ግን ብዙ ጊዜ ያቺ ምልክት ናት። ለቅጣቱ ልመና የሚያቀርቡ ወታደሮች ስለ ሣጥኗ አንድ ቃል ሳይናገሩ ሲወጡ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ አቤቱታው ልግባ። ብዙ ሰው ሁለት የተለያዩ ልመናዎችን አንድ ላይ ይቀላቅላል፤ በዚህም ሁለቱንም ያጣል። አንደኛው «ይህ ቅጣት ስህተት ነበር፤ ይነሳልኝ» ነው። ሁለተኛው «ጥፋቱን አጥፍቻለሁ፣ ተቀጥቻለሁ፣ ታርሜአለሁ፤ ወረቀቱ ሥራውን ጨርሷልና ወደ ተከለለው ክፍል ይዛወርልኝ» ነው። በአንድ ደብዳቤ ላይ አላጠፋሁም ብሎ ጀምሮ፣ ከዚያ ወዲህ ተሻሽያለሁ ብሎ መጨረስ አንባቢውን ግራ ያጋባል። ካላጠፋህ ከምን ተሻሻልክ?

ለምሳሌ አንድ ሳጅን የሌሊት መነጽር ጠፋበት ተብሎ ተቀጣ እንበል። ከዓመት በኋላ በቆጠራ መነጽሩ ሌላ ጓድ ዘንድ ተገኘ፤ የርክክብ ሰነዱም ለዚያ ጓድ መተላለፉን ያሳያል። ይህ ሰው መጠየቅ ያለበት እንዲነሳለት ነው። የቀጣው አዛዥ ወይም የእሱ ተተኪ ግልጽ በደል መፈጸሙን ካመነ ቅጣቱን ሊሽረው ይችላል፤ ይህ ግን እንደ ደንቡ በ4 ወር ገደማ ውስጥ የሚደረግ ነው። ጊዜው ካለፈ ጉዳዩ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ላይ ደግሞ ማህደር ውስጥ የገባ ሰነድ ትክክል ነው ተብሎ ይገመታል። የማስረዳት ሸክሙ የአመልካቹ ነው፣ ማስረጃውም ግልጽና አሳማኝ መሆን አለበት። «በድለውኛል» የሚል ደብዳቤ ብቻውን አይበቃም። የቆጠራው ወረቀት፣ የርክክቡ ሰነድ፣ ያየ ሰው ቃለ መሐላ ያስፈልጋል።

ሌላዋ ሳጅን ደግሞ በእርግጥም ትእዛዝ ጥሳ ተቀጣች እንበል። የእሷ መንገድ ሁለተኛው ነው። ዳሴብ እያሉ በምሕጻር የሚጠሩት የጦሩ ገምጋሚ ቦርድ እንዲህ ያለውን ልመና ይቀበላል። ቅጣቱ ከተጣለ ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲያልፈው፣ ከዚያ ወዲህም ቢያንስ አንድ የሥራ አፈጻጸም ምዘና እንዲኖር ይፈለጋል። የሚመዘነው ወረቀቱ የታሰበለትን ዓላማ ፈጽሟል ወይ፣ መዛወሩስ ለጦሩ ይጠቅማል ወይ የሚለው ነው። እዚህ ጥፋትን ማመን ኃይል ነው። ምን እንደተማረች ራሷ በራሷ ቃል መጻፍ አለባት፤ ከሌላ ሰው የተቀዳ ደብዳቤ ያስታውቃል።

ከሁሉ በላይ ያለው የወታደራዊ ሰነዶች ማረሚያ ቦርድ ነው። አባላቱ ሲቪሎች ናቸው፤ ማመልከቻው ዲዲ ፎርም 149 ይባላል። ስህተቱ ከታወቀ በ3 ዓመት ውስጥ ማመልከት ይገባል፣ ፍትሕ የሚጠይቀው ሆኖ ሲገኝ ግን ቦርዱ መዘግየቱን ማለፍ ይችላል። ይህ በር እንዲሁ በቸርነት የተከፈተ አይደለም። ከ1946 በፊት ሰነዱ እንዲታረምለት የሚፈልግ ወታደር የምክር ቤት አባል ለምኖ፣ በስሙ ልዩ ሕግ እንዲወጣለት ነበር የሚጠይቀው።

ሄንሪ ፍሊፐርን ያየ ይህን ይረዳል። በባርነት የተወለደው ፍሊፐር በ1877 ከዌስት ፖይንት የተመረቀ የመጀመሪያው ጥቁር መኮንን ነው። በ1881 ገንዘብ አጉድለሃል ተብሎ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀረበ። ከማጉደሉ ክስ ነፃ ሲባል፣ ለመኮንን የማይገባ ጠባይ አሳይተሃል ተብሎ በ1882 ከጦሩ ተባረረ። ከ1898 ጀምሮ ጉዳዩን በምክር ቤት በኩል ለማሳረም ሞከረ፤ አልተሳካለትም። በ1940 አረፈ። ቦርዱን የፈጠረው ሕግ የመጣው ከ6 ዓመት በኋላ ነው። በ1976 ቦርዱ ስንብቱን በክብር የተደረገ አድርጎ አረመው። የፍርዱን ውሳኔ መሻር ግን ሥልጣኑ አልነበረምና ይቅርታው በ1999 ከፕሬዚዳንት ክሊንተን እጅ እስኪመጣ ተጠበቀ።

ሳሙኤል ስኖውም አለ። በ1944 ሲያትል ውስጥ ፎርት ሎውተን በሚባለው የጦር ሠፈር ጥቁር ወታደሮችና ጣሊያናውያን ምርኮኞች ተጋጩ፤ አንድ ምርኮኛ ተሰቅሎ ተገኘ። 28 ጥቁር ወታደሮች ተፈረደባቸው፣ ስኖውም ታስሮ ያለ ክብር ተሰናበተ። በ2007 ቦርዱ ተከላካዮቹ አስፈላጊውን ሰነድ ተከልክለው እንደነበር አይቶ ፍርዱ ፍትሐዊ አልነበረም አለ። ለስኖው የተላከለት የደመወዝ ቼክ 725 ዶላር ነበር። በ2008 የክብር ስንብቱ በሲያትል በሥነ ሥርዓት ሲሰጥ እሱ ታሞ ሆስፒታል ነበር፤ ልጁ ተቀብሎ አመጣለት፤ ከሰዓታት በኋላ ስኖው አረፈ። 64 ዓመት ማለት ነው። እነዚህ ከአንቀጽ 15 እጅግ የከበዱ ፍርዶች ናቸው። ቢሆንም ማህደር ተሳስቶ ሊኖር እንደሚችል፣ ራሱም ጦሩ ይህን እንደሚያምን ያሳያሉ። ስለዚህ «መንግሥት የጻፈውን ማን ይፍቀዋል?» ብላችሁ የምትተዉ ሰዎች አትተዉ።

ወረቀት ስል ሳልነግራችሁ የማላልፈው አለ። በሐምሌ 1973 ሴንት ሉዊስ የሚገኘው የወታደሮች መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ ማህደር ወደመ። ጥፋታቸው የተጻፈባቸው ብቻ ሳይሆኑ ሜዳሊያቸውና ቁስላቸው የተጻፈላቸውም ሁሉ ማስረጃቸውን አጡ። የምዘናችሁን፣ የሽልማታችሁን፣ የቅጣታችሁንም ግልባጭ ቤታችሁ አስቀምጡ።

የራሴን አቋም ልናገር። ጦሩ ሳጅንን ከተራ ወታደር አጥብቆ ቢይዝ አልቃወምም። ሳጅን የሰው ልጅ ሕይወት በአደራ ተሰጥቶታል፤ ማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ነገር ግን የተራው ወታደር ወረቀት በ2 ዓመት ራሱ ከሞተ፣ የሳጅኑም ከተወሰኑ ዓመታት መልካም አገልግሎት በኋላ ያለ ልመና ወደ ተከለለው ክፍል መግባት አለበት ብዬ አምናለሁ። አሁን ባለው አሠራር የሚጠቀመው የታረመው ሁሉ ሳይሆን ደብዳቤ መጻፍ የሚችለው፣ ለጠበቃ የሚከፍለው፣ በሩ እንዳለ የሚያውቀው ነው። ሁለት እኩል የታረሙ ሰዎች በእንግሊዝኛ ችሎታቸው ተለያይተው አንዱ ሲያድግ አንዱ ሲቀር ማየት ለማንም ፍትሕ አይመስልም።

አንድ ጥንቃቄ አደራ። ወረቀቱ ተነሳ ማለት ነገሩ አልተደረገም ማለት አይደለም። ለምስጢራዊ ሥራ ፈቃድ የሚሞላው ኤስኤፍ 86 የሚባለው ቅጽ ባለፉት 7 ዓመታት በወታደራዊ ሕጉ የዲሲፕሊን እርምጃ ተወስዶብህ ያውቃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። የሚጠይቀው ስለ ድርጊቱ ነው። ከማህደሬ ወጥቷል ብሎ «የለም» ብሎ መሙላት ከመጀመሪያው ጥፋት የከፋ አዲስ ጥፋት ሊሆን ይችላል፤ ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ ጠይቁ።

አቤቱታውን ለመጀመር ደግሞ ከሁሉ አስቀድማችሁ የማህደራችሁን ሙሉ ግልባጭ አውጡ፤ በሣጥኗ ውስጥ ምልክቱ ለየትኛው ክፍል እንደተደረገ እዩ። ቀጥሎ የቀጣችሁን አዛዥ ፈልጉት። ጡረታ ወጥቶ ይሆናል፣ ሌላ ክፍለ ጦር ሄዶ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ የሠራችሁትን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ላኩለት፣ የደገፈ እንደሆነም ፊርማውን ለምኑ። ቦርድ ፊት ከዘመድና ከወዳጅ 10 ደብዳቤ ይልቅ «የቀጣሁት እኔ ነኝ፤ ዛሬ ወረቀቱ እንዲዛወር የምጠይቀውም እኔ ነኝ» የሚል የአንድ አዛዥ ቃል ይበልጣል። እምቢ ቢላችሁ እንኳን የጠየቃችሁበት ደብዳቤ በእጃችሁ ይቀራልና እሱንም ከአቤቱታው ጋር አያይዙት።