የተጨመረው ያለንን እንዳያሳጣን
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ከቡና በኋላ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ወር «በሚቀጥለው ስለ ፀጉር እንነጋገራለን» ሲባል ከኋላ ወንበር ሳቅ ተሰምቶ ነበር። እኛም አብረን ሳቅን። ስለ ዕቁብና ስለ ልጆች ትምህርት ስንወያይ ለኖርን ሰዎች ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ለምን እንደመረጥነው ግን ባለታሪኳ ስለፈቀደችልን እንነግራችኋለን።

ከመካከላችን አንዲት እኅት ለወራት ከሻሽ አልለይ ብላ ነበር። እኛም «ማን ሞቶባት ይሆን?» ብለን እርስ በርሳችን ተጠያየቅን እንጂ እርሷን አልጠየቅናትም። አንድ ቀን ቡና በምናፈላበት ጓዳ ሻሿን ገልጣ አሳየችን። ከግንባሯ ዳር እስከ ጆሮዋ በላይ ድረስ ፀጉር የለም። ለእኅቷ ሠርግ ሂዩማን ሄር በሙጫ አስለጥፋ ነበር። ሠርጉ አለፈ፤ የማስፈቻ ገንዘብ ግን አልተረፈም። አራት ወር ከቆየችበት በኋላ ማሳከኩን መቻል ሲያቅታት ቤቷ ቁጭ ብላ በእጇ ጎትታ አነሳችው። ከዚያም «እናንተ ምን ትሉኛላችሁ ብዬ ነው የተደበቅሁት» አለችን። ዛሬ እንድንነጋገር ያደረገን ይህ ቃል ነው።

በመካከላችን ወንበሩ ላይ ተቀምጠን የምናስለጥፍ አለን፤ ከወንበሩ ጀርባ ቆመን ለጥፈን ልጆቻችንን የምናሳድግም አለን። ስለዚህ «እነሱ አበላሹን» ብለን የምንከስሰው ሰው የለም፤ ሁለቱም እኛው ነን። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለን ማንንም ልናሸማቅቅም አልመጣንም። መዋብ የሚፈልግ ይዋብ። የምንለው አንድ ነገር ነው፦ የምንጨምረው ፀጉር ያለንን ፀጉር ሊያሳጣን አይገባም።

መጀመሪያ ስለ አያያዙ እንናገር። «ተለጠፈልኝ» ስንል ብዙ ዓይነት ነገር ማለታችን ነው። አንደኛው በጥቁር ሙጫ የሚለጠፈው፣ ረድፍ ሆኖ የተሰፋ ፀጉር ነው። ይህ በዋጋ ይረክሳል፣ ቶሎም ያልቃል፤ የተሠራውም ለጥቂት ሳምንት ነው። ሁለተኛው በቴፕ የሚለጠፈው ሲሆን፣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ተነሥቶ እንደገና መለጠፍ አለበት። ሦስተኛው ዘለላ በዘለላ እየሆነ በኬራቲን የሚያያዘው ነው። ኬራቲን ራሱ ፀጉራችን የተሠራበት ፕሮቲን ነው፤ መያዣው በሙቀት ቀልጦ በፀጉራችን ላይ ይጠቀለላል። በደንብ ከተያዘ 3 ወር ገደማ ይቆያል። ፀጉራችን በወር 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያድግ፣ በ3 ወር ውስጥ መያዣው ከራስ ቆዳችን ወደ 3 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ከዚያ በኋላ እየተንጠለጠለ ሥሩን ይጎትታል፣ ከጎረቤቱ ጋርም ይተበተባል። «ገና ጥሩ ነው፣ ትንሽ ልቆይበት» የምንለው ጉዳቱ በሚጀምርበት ሰዓት ነው።

ስለ ጥቁሩ ሙጫ አንድ ነገር እንጨምር። ብዙዎቹ ላቴክስ፣ ማለትም ከጎማ ዛፍ የሚገኝ ፈሳሽ አለባቸው። ፊኛ ስትነፋ ከንፈሯ የሚያብጥ፣ የጎማ ጓንት ስታደርግ እጇን የሚያሳክካት ሴት ይህን ሙጫ ጨርሶ ራሷ ላይ ማስነካት የለባትም። ሌሎቻችንም ብንሆን ከ2 ቀን በፊት ጠብታ ከክንዳችን ውስጠኛ ክፍል ላይ አድርገን እንይ። ከተለጠፈ በኋላ ፊት ካበጠ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ነገ ዛሬ ሳይባል ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ወደ ፀጉሩ ምርጫ እንለፍ። ብዙው ሂዩማን ሄር የሚመጣው ከእስያ ነው። በደቡብ ሕንድ ቲሩማላ የሚባል ትልቅ ቤተ መቅደስ አለ፤ ምእመናን ስለታቸውን ለማድረስ ፀጉራቸውን ይላጩበታል፤ ፀጉሩም በጨረታ ይሸጣል። የአንዲት ሴት ፀጉር አንድ ላይ ተቆርጦ ሥሩ ከሥሩ፣ ጫፉ ከጫፉ ጋር ተጠብቆ ከተዘጋጀ «ሬሚ» ይባላል። ፀጉር እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ሽፋን አለው፤ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ሲተኛ አይጠላለፍም። ከማበጠሪያና ከወለል የተለቀመ ፀጉር ግን አቅጣጫው የተቀላቀለ ነው። እንዳይጠላለፍ ቅርፊቱን በአሲድ ያስወግዱና በሲሊኮን ይቀቡታል። ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቀው፣ ከጥቂት እጥበት በኋላ ግን እንደ ገለባ የሚሆነው ይኸኛው ነው።

ታዲያ እንዴት እንለየው? ከመግዛታችን በፊት ሁለት ሦስት ዘለላ እንጠይቅ። በክብሪት ስንለኩሰው የሰው ፀጉር ከሆነ እንደ ተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ በጣት ሲነካም አመድ ሆኖ ይፈርሳል። አርቴፊሻሉ ይቀልጥና ደረቅ እንክብል ይሆናል። ከቻልን አንድ ዘለላ በሻምፖ አጥበን እናድርቀው፤ ሲሊኮኑ ሲለቅ እውነተኛ መልኩ ይወጣል። ክብደቱንም አንርሳ። ፀጉሯ ስስ የሆነ ሴት ወፍራም ዘለላ ካስያዘች፣ በአንድ ቀጭን ክር ላይ ማሰሮ እንደ ማንጠልጠል ነው።

ለጊዜው ማስለጠፍ የሌለባቸውም አሉ። የራስ ቆዳዋ የቆሰለ ወይም ፎረፎር የበዛባት ቀድማ ትታከም። ሪላክሰር የተቀባች ቢያንስ 2 ሳምንት ትቆይ፤ አዲሱ ፀጉርና የተቀባው የሚገናኙበት ቦታ በቀላሉ ይበጠሳል። አራስ እኅቶቻችንም ይታገሡ። ከወሊድ በኋላ በሦስተኛው ወር ገደማ ፀጉር በብዛት መርገፉ የተለመደ ነው፤ በዚያ ላይ ሸክም መጨመር አያስፈልግም።

ወንበሩ ላይ ስንቀመጥ ሦስት ነገር እንጠብቅ። መያዣው ከራስ ቆዳ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። የግንባርና የጆሮ ዳር ያለው ለስላሳ ፀጉር አይነካ፤ ደካማው እርሱ ነው። ተሠርቶ ሲያልቅ ደግሞ ቅንድባችንን ስናነሣና ራሳችንን ወዲያ ወዲህ ስናዞር ማመም የለበትም። «ሁለት ቀን ያማል፣ ከዚያ ይለቃል» የሚባለውን ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ አንዳንዶቻችንም ብለናል። ሕመሙ ግን የሥሩ ጩኸት ነው። በዚያው ሰዓት «ያመኛል፣ ፍቺልኝ» እንበል።

ቤት ከገባን በኋላ የመጀመሪያዎቹን 2 ቀናት አንታጠብ፤ መያዣው በደንብ ይጠንክር። ስንታጠብ ጎንበስ ብለን ሳይሆን ቀጥ ብለን፣ ውኃው ከላይ ወደ ታች እንዲወርድ እናድርግ። ኮንዲሽነር ከመሀል ወደ ጫፍ ብቻ ይቀባ። ከታጠብን በኋላ ሥሩን በደንብ እናድርቅ፤ እርጥብ ሆኖ የሚታሰር ፀጉር ይሸታል፣ ይቋጠራልም። ካስክ ውስጥ ስንገባ ሙቀቱ ለብ ያለ ይሁን፤ ፒያስትራው መያዣውን አይንካው፣ በሙቀት የተያዘ በሙቀት ይለቃልና። ማታ ልል ሹሩባ ጎንጉነን የሳቲን ሻሽ እንሰር። ስናበጥርም ሥሩን በአንድ እጅ ይዘን ከጫፍ እንጀምር።

ቅቤስ? ይህን ጥያቄ ከእናቶቻችን ስለምንሰማው እንመልሰው። ቅቤ ለፀጉራችን የቆየ ወዳጅ ነው፤ ለሙጫና ለቴፕ ግን ጠላት ነው። ቅባት ሙጫን ያላላል፤ ኬራቲኑንም ያንሸራትተዋል። ስለዚህ ቅቤ መቀባት የማይቀርባት ሴት መጀመሪያ ቅቤዋን ተቀብታ፣ በደንብ ታጥባ ስታበቃ ታስለጥፍ። ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ አይቻልም።

አሁን ወደ ዋናው ደረስን። ብዙ ፀጉር የሚጠፋው ሲለጠፍ ሳይሆን ሲነሣ ነው። በምን እንደተለጠፈልን ማወቅ ያለብን ለዚህ ነው። ጥቁሩ ሙጫ በዘይት ይለቃል፤ ዘይቱን አጠጥተን መታገሥ ነው። ኬራቲን በአልኮል በተሠራ ማስለቀቂያ ረጥቦ፣ በፒንሳ ቀስ ብሎ ተሰባብሮ ይወጣል። ቴፕም የራሱ ማስለቀቂያ አለው። በምንም ዓይነት መንገድ አይጎተትም። በሚፈታበት ቀን ብዙ የረገፈ ፀጉር ብናይ ደግሞ አንደንግጥ። ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ዘለላ ይረግፍበታል፤ በመያዣው ውስጥ የነበረው መውደቂያ ስላጣ እዚያው ተጠራቅሞ ቆይቷል። የሚያስደነግጠው ባዶ ቦታ ስናይ ነው።

በመወጠር የሚመጣ መመለጥ ድንገት አይደርስም። ከሥሩ ሕመም፣ ከዚያ እንደ ብጉር ያሉ ትንንሽ እብጠቶች፣ ከዚያ በግንባር ዳር መሳሳት ይታያል። በዚህ ጊዜ ውጥረቱ ከቆመ ፀጉሩ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆናል፣ ከዚያም አይበቅልም። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ማለት ለዚህ ነው። እኅታችን ከሙጫው በፊትም ለዓመታት ጠበቅ ያለ ሹሩባ ትሠራ ነበር። የቆዳ ሐኪም ዘንድ አብረናት ሄድን። ከግንባሯ ዳር ያለው ቀስ እያለ መጥቷል፤ ከጆሮዋ በላይ ያለው ግን አልተመለሰም። ይህን ሳንሸፋፍን እንድንነግራችሁ የፈለገችው ራሷ ናት።

በመጨረሻም በሦስት ነገር ተስማምተናል።

የመጀመሪያው፣ ከእኛ መካከል የፀጉር ሥራ ያላቸው እኅቶች ዋጋ ሲናገሩ የማስለጠፊያውንና የማስፈቻውን አብረው ይናገራሉ። ሁለቱንም መክፈል ያልቻልን ቀኑን እናራዝም እንጂ በግማሽ ገንዘብ አንጀምር። ችግር ሳይታሰብ የገጠማት ደግሞ ለማስፈቻ ከመረዳጃ ሣጥናችን ትበደር። ለሐኪም ከምንከፍለው ይህ ይቀልላል።

ሁለተኛው፣ ባለሙያዋ «ፀጉርሽ ይህን አይችልም» ስትል አንቀየማት። እኛ የምንለጥፈውም እውነቱን እንናገር፤ ደንበኛዋ ተቆጥታ ሌላ ቤት ትሄዳለች ብለን ፈርተን እያወቅን የለጠፍንበት ቀን አለ። የዚያን ቀን ገቢ ዛሬ ስናስበው ደስ አይለንም።

ሦስተኛው፣ ከእንግዲህ ሻሽ ያበዛች እኅት ብናይ እርስ በርሳችን አንጠያየቅ። ወደ ጓዳው እንጥራትና «ደህና ነሽ?» እንበላት።

ያቺ እኅታችን ዛሬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ሻሽ አላሰረችም። ፀጉሯ አጭር ነው፣ ከጆሮዋ በላይም ክፍት ቦታ አለ። ቡናውን ያፈላችልንም እርሷ ናት።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ለብቻ መጠየቅ የምትፈልጉ ደግሞ ጓዳው ክፍት ነው።