ተስፋን ስለ መጠበቅ
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን የተነገረ)



በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች የማለፊያውን ነጥብ ያገኙት ከ100 4 እንኳ አልሞሉም። ከዚያ ወዲህ «ብናጠና ምን እናገኛለን?» የሚል ቃል በመካከላችን ይሰማል። መልሱን ከሩቅ አንፈልግም፤ እዚሁ ኮልፌ ቀራንዮ እናገኘዋለን።

በ1954 ዓ.ም. ኔልሰን ማንዴላ ወደ ኮልፌ መጥተው በፖሊስ ሠራዊት ሠፈር የውትድርና ትምህርት ተማሩ። 6 ወር ሊቆዩ ታስቦ ሳለ ከ8 ሳምንት በኋላ ተጠርተው ተመለሱ፤ አገራቸው እንደ ገቡም በሐምሌ ወር ተያዙ። ከእስር የወጡት የካቲት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ነው። 27 ዓመት ጠበቁ።

ነገር ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም። በሮበን ደሴት ቀን የኖራ ድንጋይ ሲፈልጡ ውለው ማታ መጽሐፍ ይገልጡ ነበር። የሕግ ትምህርታቸውንም በደብዳቤ ተከታትለው፤ ገና እስረኛ ሳሉ በ1981 ዓ.ም. ዲግሪያቸውን አገኙ። በ1986 ዓ.ም. የአገራቸው ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ እኛ የምንጠብቀው 1 ወይም 2 ዓመት ነው። ፈተናው ያልቀናን እንደገና እንቀመጥ፤ ያለፍንም የወደቀውን ጓደኛችንን አንሽሸው፤ ደብተራችንን እናካፍለው። ወላጆቻችንም አይዟችሁ በሉን። በሩ የሚከፈትበትን ቀን አናውቅም፤ ሲከፈት ግን ተዘጋጅተን እንገኝ።