ፌንጣ ከማርባታችን በፊት የመኖውን ሒሳብ እንይ
(በአባላት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዶሮ የሚያረቡ አባሎቻችን ባለፈው ስብሰባ አንድ ሐሳብ አቅርበው ነበር። የመኖ ዋጋ ስለከበደን ፌንጣ ቤታችን አርብተን ለዶሮዎቹ ብንሰጥስ፣ ለመነሻም ከቁጠባችን ብድር ቢፈቀድልንስ አሉ። የማኅበሩን ሒሳብ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ጉዳዩን አጥንቼ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ።

የምንነጋገረው ስለ ሜዳው አረንጓዴ ፌንጣ አይደለም፤ ማታ ማታ ግድግዳ ሥር ተሸሽጎ ስለሚጮኸው ቡናማው ነው።

ቤቱ ብዙ ወጪ የለውም። ጥልቅ የፕላስቲክ ሣጥን ይበቃዋል፤ ጎኑ ለስላሳ ስለሆነ መውጣት አይችልም። አየር እንዲገባ ክዳኑ ተቆርጦ የሽቦ ወንፊት ይደረግበታል። ውስጡ የእንቁላል ካርቶን ይደረደራል፤ መሸሸጊያው እሱ ነው። እንቁላሉን የሚጥለው በትንሽ ሳህን በተቀመጠ እርጥብ አፈር ውስጥ ነው። እንቁላሉ በ10 ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ ከዚያ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ያድጋል። ይህ ግን ሙቀቱ ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ሲሆን ነው። እኛ ደጋ ላይ ሌሊቱ ስለሚበርድ ዕድገቱ ይጓተታል፤ በአምፖል እናሙቀው ካልን የመብራት ሒሳብ ይጨመራል።

ውሃ በሳህን ሲቀመጥ ትንንሾቹ ይሰምጣሉ፤ የራሰ ስፖንጅ ይሻላል። ጉንዳን እንዳይደርስባቸው የመደርደሪያው እግሮች ውሃ በያዘ ጣሳ ውስጥ ይቁሙ። ፌንጣዎቹ ባሉበት ክፍል ፍሊት አይነፋ፤ ጎመንም ቢሆን ሳይታጠብ አይሰጥ፤ ፀረ ተባይ የነካው ቅጠል ሣጥኑን በሙሉ ሊጨርሰው ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ፌንጣ ምን ይበላል? የጎመን ቅጠል፣ የካሮትና የድንች ልጣጭ፣ ፉርሽካ ይበላል። በእነዚህ ብቻ ግን ቀስ ብሎ ያድጋል፤ ፕሮቲን ሲያንሰውም እርስ በርሱ ይበላላል። በደንብ የሚያሳድገው የጫጩት መኖ ነው። ሒሳቡ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። አንድ ኪሎ ፌንጣ ለማግኘት ወደ ሁለት ኪሎ መኖ ይሄዳል። ሁለት ኪሎ የጫጩት መኖ ውስጥ 400 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ። ከአንዱ ኪሎ ፌንጣ ግን ሁለት ሦስተኛው ውሃ ነው፤ የሚገኘው ፕሮቲን 200 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ በተገዛ መኖ ፌንጣ አሳድጎ ለዶሮ መስጠት፣ ግማሹን መንገድ ላይ አፍስሶ መግባት ነው። ለዶሮዋ መኖውን በቀጥታ መስጠት ይረክሳል።

«ታይላንድ እንዴት አዋጣቸው?» ትሉኛላችሁ። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው ጽሑፍ፣ እዚያ ወደ 20,000 የሚጠጉ ፌንጣ አርቢዎች እንዳሉ ገልጿል። እነሱም የሚያበሉት የዶሮ መኖ ነው። ነገር ግን ፌንጣው የሚሸጠው ለሰው ምግብ ነው፤ ገበያተኛው የመኖውን ዋጋ ይከፍላል። በእኛ ገበታ ፌንጣ ስለማይቀርብ ያ ገበያ የለንም።

እኛን ሊያዋጣን የሚችለው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ አብዛኛው ቀለቡ ከጓዳና ከጓሮ የሚወጣ፣ ገንዘብ ያልተከፈለበት ሲሆን። ይህ በእኛ ቤት መሆን አለመሆኑን ሳናይ ብድር እንዳንፈቅድ እጠይቃለሁ። በሣጥኑ የሚቀመጠው ፌንጣ ቢሞት ዕዳው አይሞትም። ብድሩ ደግሞ ከእናንተ ከእያንዳንዳችሁ ቁጠባና ከደጋፊዎቻችን እርዳታ የሚወጣ ነው።

በብድሩ ፈንታ ይህን አቀርባለሁ። ፈቃደኛ የሆኑ ሦስት አባላት አንዳንድ ሣጥን ይያዙ፤ ከእንቁላል እስከ እንቁላል አንድ ዙር ያድርሱ። ለእያንዳንዳቸው ደብተር እሰጣለሁ። የተገዛው መኖ በግራም፣ የወጣው ብር፣ የሞተው፣ በመጨረሻም ለዶሮ የተሰጠው ፌንጣ ሚዛን ይጻፍበት። ሦስቱን ደብተሮች እዚሁ ፊታችሁ እደምራለሁ። አንድ ኪሎ ፌንጣ የወጣበት ገንዘብ በዚያው ልክ ፕሮቲን ካለው መኖ ካነሰ፣ የብድሩን ማመልከቻ ራሴ አዘጋጃለሁ። ካልሆነም ሦስት ሣጥን ብቻ ነው የሚባክነው።